የጣሊያን የማዕረግ ጩቤዎችን መሰብሰብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጣሊያን ጦር ጩቤ መሰብሰብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አብዛኛውን ያገኘሁት እዚያው ጣሊያን ነው፤ ጥቂቱን አገር ቤት አይቻለሁ። ከወዳጆቼም፣ በወዳጅ ወዳጅ በኩል ከሚያገኙኝ ሰዎችም የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ይደጋገማሉ፤ መልሶቹን አንድ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍኩ።

የማዕረግ ጩቤ ከሳንጃ በምን ይለያል?

ሳንጃ ጠመንጃ ላይ የሚሰካ ነው። የማዕረግ ጩቤ ግን ከሰልፍ ልብስ ጋር ወገብ ላይ የሚታጠቁት ነው፤ ባለቤቱ ከየትኛው ክፍል እንደሆነና ደረጃው ምን እንደሆነ የሚናገር ጌጥ ነው። መለየቱ አይከብድም። የእጅ መከለያው ላይ የጠመንጃ አፈ ሙዝ የሚገባበት ቀለበት፣ እጀታው ጫፍ ላይ ደግሞ የሚቆለፍበት ቦይ ካለ፣ የያዛችሁት ሳንጃ ነው። «የጣሊያን ጩቤ አለኝ» ብለው ፎቶ ከሚልኩልኝ ሰዎች ብዙዎቹ ያላቸው የ1891 ሞዴል የካርካኖ ጠመንጃ ሳንጃ ነው፤ ስለቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ እጀታው በሁለት የእንጨት ገበር የተያዘ። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን በብዛት የተሠራ ነው፣ የማዕረግ ጩቤም አይደለም።

ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች የትኞቹ ናቸው?

ታሪኩን ከአርዲቲ መጀመር አለብን። አርዲቲ፣ ማለትም «ደፋሮቹ»፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1917 የተቋቋሙ የጣሊያን ጥቃት ሰንዛሪ ወታደሮች ነበሩ። ምሽግ ውስጥ ዘለው ሲገቡ ረጅም ጠመንጃ ስለማያመች የእጅ ቦምብና ጩቤ ይዘው ነበር የሚዋጉት። ጩቤው የሚሠራው በአዲስ ብረት አልነበረም፤ መጋዘን ውስጥ የተከማቸው የ1870 ሞዴል የቬተርሊ ጠመንጃ ሳንጃ እየተቆረጠ፣ የእንጨት እጀታ እየተገጠመለት ነበር። ይህን ለአማርኛ አንባቢ ስነግር ሁልጊዜ የምጨምረው ነገር አለ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የጣሊያን ወታደር የያዘው ጠመንጃ ይኸው የቬተርሊ ዘር ነው። ዓድዋ ላይ የነበረው የሳንጃ ዓይነት ከሃያ ዓመት በኋላ ተቆርጦ የአርዲቲ ጩቤ ሆነ።

የአርዲቲ ጩቤ የጦር ሜዳ መሣሪያ ነው፤ ጌጥ የለውም። ጌጡ የመጣው በፋሺስቶች ነው። ከአርዲቲ የተመለሱ ብዙ ሰዎች የሙሶሊኒን ቡድን ተቀላቀሉ፤ ጥቁሩን ልብስም ጩቤውንም ይዘው መጡ። እ.ኤ.አ. በ1923 ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ መንግሥታዊ ሚሊሺያ ሲሆኑ ጩቤው ከዩኒፎርሙ ጋር የሚሄድ ምልክት ሆነ። የመኮንኖቹ ጩቤ ንስር፣ ኒኬል ቅብና ፋሾ እየተጨመረበት እያጌጠ ሄደ። ፋሾ ማለት መጥረቢያ የተሰካበት የበትር እስር ነው፤ የፋሺስቶች ዋና ዓርማ እሱ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የወጣቶቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 የተመሠረተው የባሊላ ድርጅት በ1937 «ጂል» በሚባለው፣ የፋሺስት ፓርቲ ራሱ በሚመራው የወጣቶች ድርጅት ተተካ፤ የዚህ ድርጅት ጩቤዎች ዛሬ ገበያ ላይ በብዛት ይገኛሉ፣ በብዛትም ይጭበረበራሉ። የአየር ኃይል መኮንኖች ጩቤም ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ተቋቁሞ በ1939 «የኢጣሊያ አፍሪካ ፖሊስ» የተባለው ኃይል የያዘው ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው፤ እዚሁ አገራችን ላይ የተሰማራ ኃይል ነበርና።

ከፋሺስት ጋር የማይያያዝ ዘርፍም አለ፤ «ስፓዲኖ» ይባላል፣ ትንሽ ጎራዴ ማለት ነው። የወታደራዊ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከክብር ልብሳቸው ጋር የሚታጠቁት ነው። እ.ኤ.አ. በ1787 ኔፕልስ ውስጥ የተመሠረተው የኑንዚያቴላ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ይታጠቁታል። የፋሺስት ዓርማ ቤቱ እንዲገባ ለማይፈልግ ሰብሳቢ የምመክረው ስፓዲኖ ነው።

ጩቤው ላይ የሮማ ቁጥር አለ፤ ዓመተ ምሕረቱን እንዴት አውቃለሁ?

ፋሺስቶች የራሳቸው የዘመን አቆጣጠር ነበራቸው። መነሻው ወደ ሮም የገሰገሱበት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1922 ነው፤ ከ1927 መጨረሻ ጀምሮ በመንግሥት ጽሑፍ ላይ ግዴታ ሆነ። ዓመቱ በሮማ ቁጥር ይጻፋል፤ መስቀል የሚመስለው ምልክት 10፣ ወደ ታች የሾለው 5፣ ቀጥ ያለው 1 ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ዘመን አቆጣጠር የሚያውቅ ሰው ከፈረንጁ ሰብሳቢ ይቀድማል። የፋሺስቱ አዲስ ዓመት የሚገባው በፈረንጆቹ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው፤ የእኛ መስከረም 1። በመካከል ያለው ሰባት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ላይ 1914 ደምሩ፤ የምታገኙት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። 14ኛው ዓመት ማለት 1928 ዓ.ም. ነው፣ የወረራው ዓመት። 15ኛው ዓመት 1929 ነው፣ የካቲት 12 ያለበት። ወደ ፈረንጅ ዓመት ስትቀይሩት ግን አንዱ የፋሺስት ዓመት ሁለት የፈረንጅ ዓመት ላይ ስለሚያርፍ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ይህ ስሌት ሐሰተኛውንም ያጋልጣል። የመጨረሻው የፋሺስት ዓመት 23ኛው ነው፤ ሙሶሊኒ የተገደለው በዚያ ዓመት መካከል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1945 ነው። 24ኛው ዓመት ከመግባቱ በፊት ሥርዓቱ ፈርሷል። እኔ መሰብሰብ በጀመርኩበት ሰሞን ሮም ውስጥ በአንድ የእሑድ ገበያ የገዛሁት ጩቤ ስለቱ ሥር ላይ 24 የሚል የሮማ ቁጥር ነበረበት። ሻጩ ከአያቱ ቁም ሣጥን እንደወጣ ነገረኝ። ቤት ገብቼ ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ፤ እንዲህ የሚባል ዓመት አልነበረም። ጩቤው አሁንም አለ፤ ለመሸጥ ሳይሆን ለጀማሪ ለማሳየት አስቀምጬዋለሁ።

ሌሎች ምልክቶችም ዘመን ይናገራሉ። የሳቮያ ንጉሣዊ ዘውድ ካለ ጣሊያን ሪፐብሊክ ከሆነችበት ከ1946 እ.ኤ.አ. በፊት ነው። ፋሾው በሞረድ የተፋቀ ከሆነ ደግሞ አትናቁት፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1943 ሙሶሊኒ ሲወርድ ሰዉ ዓርማውን ከየዕቃው ላይ ይፍቅ ነበር። በዘመኑ የተፋቀ ዓርማ ራሱ ታሪክ ነው፤ ፍቀቱ ግን ከቀረው ብረት እኩል ማርጀት አለበት።

ትክክለኛውን ከሐሰተኛው እንዴት ልለይ?

በአንድ ምልክት ብቻ አትወስኑ። እኔ የማደርገውን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዕቃውን ዝም ብዬ እይዘዋለሁ። ክብደቱ የት ላይ ነው? አሉሚኒየም መሆን የነበረበት እጀታ እንደ እርሳስ ከከበደ ወይም የነሐሱ ክፍል እንደ ቆርቆሮ ከቀለለ ችግር አለ። ከዚያ የንስሩን ላባና የፋሾውን በትር በአጉሊ መነጽር አያለሁ። በዘመኑ በጥሩ ቅርጽ ተመትቶ የወጣ ዓርማ የላባው ጠርዝ ጥርት ያለ ነው፤ በትሮቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፣ የታሰሩበት ጠፍር እንኳ ይለያል። ከሌላ ጩቤ ላይ ሻጋታ ተወስዶ ቀልጦ የተቀዳ ሲሆን ሁሉም ነገር ሳሙና የነካው ይመስላል፤ ጥርት ያለ መስመር የለውም። ጎድጓዳው ውስጥ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ የአየር ቀዳዳዎች ካያችሁ ቀልጦ የተቀዳ ነው።

ቀጥሎ ማርጀቱን አያለሁ። እውነተኛ እርጅና ቦታ ይመርጣል። እጅ የሚያርፍበት ይለሰልሳል፤ ጥጋጥጉ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የአፎቱ አፍ ስለቱ በገባ በወጣ ቁጥር በአንድ ጎን ይፈገፈጋል፤ ስለቱም ላይ በዚያው በኩል ቀጭን ጭረት ይኖራል። ሁለቱ ሲገጥሙ ማየት የሚያስደስት ነገር ነው፤ አፎትና ጩቤ አብረው እንደኖሩ ከዚያ የተሻለ ምስክር የለም። በአሲድ ያረጀ ዕቃ ግን ዝገቱ እንደ ቀለም ሁሉም ቦታ እኩል ተቀብቷል። አፍንጫችሁንም ተጠቀሙ፤ በቅርብ የተቀባ ኬሚካል ይሸታል፣ የሰማንያ ዓመት ቆዳም የራሱ ሽታ አለው።

ብሎኑን ተመልከቱ። የመስቀል ጥርስ ያለው ብሎን ከተገኘ ዕቃው ቢያንስ ተፈትቶ ተገጥሟል ማለት ነው፤ የዘመኑ ብሎን ባለ አንድ ሰንጥቅ ነው። የፈብራኪውን ማህተም ደግሞ ፈልጉ። የብሬሻ አካባቢ የመሣሪያ አገር ነው፤ የሉሜዛኔው የኙቲ ፋብሪካ ማህተም በብዙ ጩቤ ላይ ይገኛል። ሰሜን ምሥራቅ ያለችው ማኒያጎም ከጥንት ጀምሮ የቢላ ሠሪዎች ከተማ ናት። ማህተም አለመኖሩ ብቻውን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ማህተም መኖሩም ብቻውን እውነተኛ አያደርገውም። የማህተሙ ፊደል ጠርዝ ብረቱ ውስጥ በመዶሻ የገባ መሆን አለበት፤ በሌዘር የተጻፈ ከሆነ ታቹ ጠፍጣፋ፣ ጥልቀቱ እኩል ነው።

ስለቱ ላይ «አ ኖይ» የሚለው የአርዲቲና የፋሺስቶች መፈክር የተጻፈበት ሲቀርብላችሁ ሁለት ጊዜ አስቡ። ትክክለኛ አለ፤ ነገር ግን ጽሑፉ ዋጋ ስለሚጨምር ባዶ ስለት ላይ ኋላ የሚያስጽፉ አሉ። ጽሑፉ በድሮው ዝገት ላይ ካለፈ፣ ማለትም ፊደሉ የዝገቱን ጉድጓድ ቆርጦ ከሄደ፣ ከዝገቱ በኋላ የመጣ ነው።

ሻጩ አስደናቂ ታሪክ ነገረኝ፤ ልመን?

ለብረቱ ክፈሉ፣ ለወሬው አትክፈሉ። የባለቤቱ ፎቶ፣ የስም ወረቀት፣ የወታደር ደብተር አብሮ ካለ ሌላ ነገር ነው።

ዋጋው ስንት ነው?

ቁጥር ብነግራችሁ በዓመቱ ይሳሳታል። ዋጋውን የሚሠራው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የራሱ አፎት መኖሩ፣ ያልተወለወለ መሆኑ፣ የመኮንን ወይስ የተራ አባል መሆኑ፣ የፈብራኪው ማህተም፣ አብሮ የሚሄድ ሰነድ። አፎት የሌለው ጩቤ ዋጋው በጣም ይወርዳል፤ ከሌላ ቦታ አፎት ገዝቶ ማጋጠም አይመልሰውም። ጨረታ ላይ ተጫራቾች የሚጠሩትን ሳይሆን መጨረሻ ላይ የተሸጠበትን ዋጋ እየመዘገባችሁ አንድ ዓመት ተከታተሉ፤ ከዚያ በራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ይህ የደም ዕቃ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ሆነህ ለምን ትሰበስበዋለህ?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝን ሰው አከብረዋለሁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የከተማው የፋሺስት ፓርቲ ኃላፊ ጊዶ ኮርቴዜ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹን ለሦስት ቀን ለቀቃቸው። በጩቤ፣ በዱላ፣ በጥይት ገደሉ፤ ቤቶችን ሰው ውስጡ እያለ በቤንዚን አቃጠሉ። ኢትዮጵያ የምትቆጥራቸው ሰማዕታት 30,000 ናቸው። እኔ መደርደሪያ ላይ የማስቀምጠው ጩቤ የዚያ ሚሊሺያ ጩቤ ነው። በሰልፍ ቀን ጌጥ ነበር፤ በእነዚያ ሦስት ቀናት ግን የሚሊሺያው ጩቤ ጌጥ አልነበረም።

የምሰበስበው ለዚህ ነው። ዕቃው ሲጠፋ ለመካድ ይቀላል። አንድ ወጣት የካቲት 12ን በመጽሐፍ ሲያነብ «ጩቤ» የሚለው ቃል ቃል ብቻ ነው፤ ያንን ንስር፣ ያንን የተወለወለ ኒኬል ሲያይ ግን ይህ ነገር በፋብሪካ ታቅዶ፣ በመንግሥት ደንብ ተሰጥቶ የመጣ መሆኑ ይገባዋል። ስለዚህ የራሴ ደንብ አለኝ። ግድግዳ ላይ አልሰቅልም። ፋሺስትን ለማወደስ ለሚገዛ ሰው አልሸጥም፤ አነጋገሩ ብዙ ጊዜ ያስታውቃል። ከእያንዳንዱ ጩቤ ጋር ምን እንደሆነ፣ የት እንደተገኘ፣ ያ ሚሊሺያ ምን እንደሠራ የሚል ካርድ አብሮ ይቀመጣል። ጣሊያን ውስጥም ቢሆን ፋሺዝምን ማወደስ እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣ ሕግ ወንጀል ነው፤ መሰብሰብ ግን ክልክል አይደለም።

ከአያቴ የቀረ አለ፤ ምን ላድርግ?

ከሁሉ በፊት አትንኩት፣ አታጽዱት፣ አትሽጡት። የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ ጠይቁና ድምፁን ቅረጹ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ አባት ዘንድ ተወስጄ ነበር። ከአልጋው ሥር በአሮጌ የነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። አፎት የለውም። የእጀታው እንጨት ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ በጥሬ ቆዳ ጠፍር ተጠምጥሞ ደርቋል፣ ቆዳው ከእጅ ብዛት እንደ ቀንድ ጠቁሯል። ስለቱ በድንጋይ ከመሳሉ ብዛት ወደ አንድ ጎን አልቋል። «አባባ፣ ይሄ ከየት መጣ?» አልኳቸው። «አባቴ ከሶላቶ የማረከው ነው። ከድል በኋላ ለፋሲካ በግ ስናርድበት ኖርን» አሉኝ። ፋሾው የነበረበት ቦታ ላይ የሚታየው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው። ልግዛው አላልኩም፤ «ጠፍሩን አያስፈቱት፣ ስለቱንም ከእንግዲህ አያስስሉት፤ ታሪኩ እሱ ነው» ብዬ ለመንኳቸው። የሚሊሺያው ጩቤ ይሁን የተቆረጠ ሳንጃ በሚለው ላይ የጨረታ ባለሙያ ይከራከር ይሆናል። ለእኔ ከእኔ ስብስብ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ጩቤውን እንዴት ላጽዳው?

በሎሚና በአመድ አይታሰብም! ድስት አይደለም። አሲዱ ብረቱን ይበላል፤ አመዱ ኒኬሉን ይፍቃል። በብራሶም ሆነ በሌላ የብረት ማጽጃ ቅባት አታብሩት፤ የሰማንያ ዓመት ጥቁረት አንዴ ከተፋቀ አይመለስም፣ ዋጋውም አብሮ ይሄዳል።

ስለቱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ከዚያ ቀጭን የማሽን ዘይት በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ቀይ የሚረግፍ ዝገት ካለ በዘይት የተነከረ ለስላሳ ጨርቅ ደጋግሞ ማሸት እንጂ ሸካራ ወረቀት አይነካውም። በባዶ እጅ ስለቱን አትንኩ፤ ላብ ጨው አለው፣ የጣት አሻራ በሳምንታት ውስጥ ወደ ዝገት ይለወጣል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ጩቤውን ቆዳ አፎቱ ውስጥ አታኑሩት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ቆዳው የለፋበት ኬሚካልም ብረት ይበላል። ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፣ ሣጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ከረጢት ጨምሩ።

ሕጉ ምን ይላል?

ጣሊያን ውስጥ ጩቤና ሳንጃ በሕግ መሣሪያ ናቸው። ለመግዛት የፖሊስ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከገዙ በኋላም በ72 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ወይም ለካራቢኒየሪ (ለጣሊያን ወታደራዊ ፖሊስ) ማስመዝገብ ግዴታ ነው። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ጣጣ ውስጥ እንዳይከቱ ይህን በቸልታ አይለፉት። በዚያ አገር ሕግ «ጥንታዊ» የሚባለው መሣሪያ ከ1890 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው፤ የፋሺስት ዘመን ጩቤ ሻጭ ምንም ቢለው በሕግ ጥንታዊ አይደለም።

ከኢትዮጵያ ማውጣት ሌላ ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ዕቃው ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው የቅርስ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ነው። ለአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ ሥር ደብቆ መላክ ዕቃውንም ላኪውንም ያስይዛል። በአውሮፕላን ሲጓጓዝ በእጅ ሻንጣ ፈጽሞ አይገባም፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል የምታልፉ ደግሞ አየር መንገዱንና የመተላለፊያውን አገር ጉምሩክ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እጀታው የዝሆን ጥርስ ከሆነ ለብቻው ሌላ ፈቃድ አለ።

ጀማሪ በምን ይጀምር?

በካርካኖ ሳንጃ። ርካሽ ነው፣ ብዙ ነው፣ የጣሊያንን ብረት፣ ማህተምና እርጅና እጃችሁ ላይ ያስተምራችኋል። አሥር ሳንጃ ያገላበጠ ሰው የመጀመሪያውን የማዕረግ ጩቤ ሲይዝ የሚጎድለውን ያውቃል።

ጩቤው አፎቱ ውስጥ ተጣብቆ አልወጣ ብሏል፤ ምን ላድርግ?

አትጎትቱት፣ በተለይ እጀታውን ይዛችሁ አታጣምሙት፤ የአሮጌ እጀታ መያዣ በቀላሉ ይሰበራል። አፎቱን ወደ ታች አድርጋችሁ በአፉ በኩል ሁለት ሦስት ጠብታ ቀጭን ዘይት ጣሉና ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። በማግስቱ ድገሙት። ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ አፎቱን በጨርቅ ይዛችሁ የእጅ መከለያውን በሁለት አውራ ጣት እኩል ወደ ላይ ግፉት። ሚሊ ሜትር ከተንቀሳቀሰ መልሳችሁ አስገቡት፣ ዘይት ጨምሩ፣ እንደገና ግፉት። ቆዳው ሲሰነጠቅ ከሰማችሁ አቁሙና የቆዳ ጥገና ለሚያውቅ ሰው ስጡት።